ማስተዋል በኪሷ የያዘችው ዳቦ

(አዳማ፤ እማማ ጥሩአየሁ የልጅ ልጃቸውን ማስተዋልን ከሚያሳድጉበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ደጃፍ ላይ፤ ሊድያ የተባለች የዩኒቨርሲቲ አጥኚ ልጅቷን ዳግመኛ ለማነጋገር መጥታ ቆማለች።)

እማማ ጥሩአየሁ፦ የለችም አልኩሽ እኮ።

ሊድያ፦ ጫማዋ እዚህ ነው፣ እማማ።

እማማ ጥሩአየሁ፦ ጫማዋማ አለ። ላንቺ ግን የለችም።

ሊድያ፦ ትንሽ ደቂቃ ብቻ። ባለፈውም እርስዎ ፈቅደው ነው ያነጋገርኳት።

እማማ ጥሩአየሁ፦ ፈቀድኩ። ፈረምኩም። «ልጅ ብቻዋን ስትሆን ነው የምትናገረው፣ ትንሽ ወጣ ይበሉልን» ስትይኝ ከገዛ ቤቴ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩልሽ። እሷን ያኔ ምን አልሻት?

ሊድያ፦ የምትነግሪኝ በእኔና ባንቺ መሃል ይቀራል አልኳት።

እማማ ጥሩአየሁ፦ ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ላይ ማይክ ይዘሽ አነበብሽው።

ሊድያ፦ ስሟን ቀይሬ እኮ ነው። ሜሮን ነው ያልኳት። የተማሪዎቹ ምገባ እንዳይቋረጥ ወላጆች ይስሙት ብዬ…

እማማ ጥሩአየሁ፦ እና ሜሮንሽ ምን አለች? «ከምሳዬ ዳቦውን በኪሴ ይዤ ለእመዋ እወስድላታለሁ፤ እኔ ጠግቤያለሁ እላታለሁ።» እዚህ ሰፈር ከጋይንት የመጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። አያቱን እመዋ የሚል ሌላ ልጅ አለ?

ሊድያ፦ አላሰብኩትም። ቃሏን እንዳለ መተው እሷን ማክበር መስሎኝ ነበር።

እማማ ጥሩአየሁ፦ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ተርፎ ነው፣ እመዋ» ስትለኝ እየመረቅኳት ነበር የምበላው። ከአፏ የነጠቅሁት መሆኑን ከማይክ ልስማው?

ሊድያ፦ እማማ፣ በጣም ይቅርታ።

እማማ ጥሩአየሁ፦ የኔስ ይሁን፣ ሐሜት አይገድለኝም። ልጆቹ ግን ኪሷን እየዳበሱ «ዛሬ ለእመዋ ምን ያዝሽ?» ይሏታል። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ሊድያ፦ ከጥናቱ አወጣዋለሁ። ርእሰ መምህሩንም አነጋግራለሁ። ብቻ ራሷን ይቅርታ ልጠይቃት። እኔን እኮ ታምነኛለች።

እማማ ጥሩአየሁ፦ ታምንሽ ነበር። ትናንት ራት አቅርቤላት፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠግበሻል?» አልኳት።

ሊድያ፦ ምን አለችዎት?

እማማ ጥሩአየሁ፦ «ለማን ልትነግሪብኝ ነው?» አለችኝ።