የሦስት መቶ ድመቶች ጅራት

«ዛሬስ ሙቀቱ አይቻልም። እስቲ መስኮቱን ገፋ አድርጊልኝ፣ እህቴ። አንቺ ደግሞ ዓይን ስትሰፊ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ... አንድ ቀን እዚሁ ድፍት እንዳትይብን።»

ይህን ያለችው እትዬ መቀስ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአሻንጉሊት ጨርቅ ስትቆርጥ ስለኖረች በስፌት ቤቱ ውስጥ ሌላ ስም የላትም። የምታናግረው አጠገቧ ተቀምጣ ለጨርቅ ድመቶች የዓይን ቁልፍ የምትሰፋውን ባልደረባዋን ነው። ድምጿ ግን የተለካው ሦስተኛው ጠረጴዛ ድረስ እንዲደርስ ነው። እዚያ የእህቷ ልጅ ተቀምጣለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤቷ ያሳደገቻት፣ ሥራውንም ያስገባቻት እሷ ናት። ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ በእሷ ቦታ ዋና ቆራጭ ሆናለች፤ እትዬ መቀስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ጥጥ ጠቅጣቂዎቹ ዘንድ ትሄዳለች።

«አጥሩ ላይ ያሉትን ድመቶች አየሻቸው? ዛሬ አራት ናቸው። ሰው መቼም ድመት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያልፋል፤ ጅራታቸውን ልብ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? ያ ግራጫው ጅራቱ ከቁመቱ ይረዝማል፤ ሲሄድ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆመው። ጥቁሯ ጫፉ ላይ መንጠቆ አላት። በር ተዘግቶባት መስሎኝ ስንት ቀን አዘንኩላት፤ ለካ ስትፈጠርም እንዲያው ናት፣ ግልገሎቿም ሁለቱ መንጠቆ ይዘው መጡ። ያቺ ጸጉራሟ ደግሞ ጅራቷ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ነው የሚመስለው። አራተኛዋ... አራተኛዋ እንኳን ጅራትም የላት፤ አውራ ጣት የምታህል ጉማጅ ናት። ታዲያ ምን ታደርጋለች መሰለሽ? ሄዳ ግራጫው ፊት ቁጭ ትላለች። ከዚህ ሆነሽ ስታያት ያ ሁሉ ጅራት የሷ ይመስልሻል። እንዴት ያለች ብልህ ናት። አላፊ አግዳሚው የሚያደንቀው እሷን ነው። ግራጫው ተነስቶ የሄደ ቀን ግን... እንጃ፣ እኔ ምን አገባኝ። እስቲ ክሩን አቀብይኝ።»

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ መቀሱ ቆመ። ዓይን ሰፊዋም አንገቷን ሰበር አድርጋ መርፌዋ ላይ አፈጠጠች። ነገሩን የማያውቅ በቤቱ አልነበረም። እትዬ መቀስ ባለፈው ወር ሳንባዋን ታማ ሁለት ሳምንት ስትተኛ፣ ልጅቷ የአክስቷን ሰባት የጅራት ካርቶኖች፣ ጨርቅ የሚቆረጥባቸውን ልኮች፣ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጠች። ከዚያ ለስፌት ቤቱ ባለቤት «እኔ ነኝ ያወጣኋቸው» ብላ አሳየችው። እሱም ወደዳቸውና ሹመቱን ሰጣት። እትዬ መቀስ ድና ስትመለስ ልኮቿ የእህቷ ልጅ ስም ተጽፎባቸው ጠበቋት። ያን ቀን ቤቷ ገብታ አልቅሳለች፤ እዚህ ግን አንዲት ጠብታ እንባ ያየባት የለም።

«መቼም ዘንድሮ ጎበዝ በዝቷል። እኔ ሰባት ጅራት ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጀብኝ? አጥር ሥር ተንበርክኬ፣ በዓሣ ጭንቅላት እያባበልኩ፣ በሜትር ስለካ፣ ስቧጨር። ይኸው እጄን እይው። ለዛሬ ልጆች ግን ሁለት ሳምንት በቂያቸው ነው። ያውም ሳይቧጨሩ። እጃቸውን ብታይው ሐር ነው። ተሰጥኦ ማለት ይሄ አይደል? የኔም መታመም ለበጎ ሆነ... ቀደም ብዬ ታምሜ ቢሆን ኖሮ እስካሁን የት በደረሱ።»

ከወዲያ ጨርቅ ሲቀደድ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሌላም ተቀደደ።

«ሰማሽ? አዲስ አሠራር መሆን አለበት። እኛ ጅራት የምንገለብጠው ሳንቀድ ነበር፤ ኋላ ቀር ስለሆንን ይሆናል።»

የአሻንጉሊት ጅራት የሚሰፋው ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ ኋላ በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ ይገለበጥና ጥጥ ይሞላል። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ስትገፋ አረፈደች። ጅራቶቹ ግን በጣም ጠበዋል፤ ወይ ዘንጉ አይገባም፣ ወይ ስፌቱ ይተረተራል። ሦስት መቶ ድመት ነገ ጠዋት ይወሰዳል። ያለ ጅራት ማን ይረከባል? ትእዛዙ ከተመለሰ ባለቤቱ ቤቱን እንደሚዘጋ ተናግሯል፤ ያኔ ዘጠኙም ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

እትዬ መቀስ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምራ አውቃዋለች። የገላውና የጭንቅላቱ ካርቶኖች ለስፌት የሚተወው ጠርዝ አብሮ ተስሎባቸዋል። የጅራቶቹ ግን የላቸውም። እነሱን ከድመቶቹ ላይ ለክታ ልክ እንዳሉ ነው የሳለቻቸው፤ ጠርዙን ስትቆርጥ በዓይኗ ትጨምረው ነበር። ወረቀት ላይ ጽፋው አታውቅም። ልጅቷ መስመሩን ይዛ ቆርጣለች።

ዝም ብትል ልጅቷ በሰው ፊት ትዋረድ ነበር። እውነቱን ለመናገር እትዬ መቀስ አንጀቷ እስኪርስ ይህንን ማየት ፈልጋለች። ግን ዓይን ሰፊዋን አየቻት። ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። እትዬ መቀስ ጠመኔ አነሳችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔማ ሞኝ ነበርኩ፣ እህቴ። ጅራት በቆረጥኩ ቁጥር ከመስመሩ ውጭ ግማሽ ጣት፣ ዙሪያውን እንዲህ አድርጌ እጨምር ነበር። ጉማጇ ላይ ደግሞ ሙሉ ጣት፤ አጭር ስለሆነች አትገለበጥም። መንጠቆው ጋ በመቀስ ጫፍ ሦስት ቦታ ጨረፍ፣ ክሩን ሳይነካ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ እንጃ። ለተማረ ሰው አያስፈልግም ይሆናል... የኔ ልምድ ነው፤ ማንም ቢወስደው አልከፋም። ጨርቁ እንደሆነ መደርደሪያው ላይ ሞልቷል።»

ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ የመቀስ ድምፅ ብቻ ነበር። ሌሎቹም ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ሊያግዟት ወንበራቸውን አስጠጉ። እትዬ መቀስ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ክሯን አስገብታ ጢም ስትሰፋ ዋለች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች። እጇ ላይ ተገልብጦ ጥጥ የተሞላ ባለ መንጠቆ ጅራት ይዛለች፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጅራቱን ጠረጴዛው ላይ፣ አክስቷ እጅ አጠገብ አኖረችው። እትዬ መቀስ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ፊቷን ወደ ዓይን ሰፊዋ እንዳዞረች ቀጠለች።

«አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ እህቴ። ሰው ቂም ይዘሽባታል ይለኛል። እኔ ምን ቂም እይዛለሁ? ጠዋት ማታ የምመርቃት እኔ አይደለሁ? ፈጣሪ ጤናዋን ይስጣት። ትዳሯን ይባርክላት። ወልዳ ትሳም። ሴት ልጅ ይስጣት፤ ቁርጥ እሷን የምትመስል፣ መልኳንም ጠባይዋንም የወሰደች። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ መቀስ አያያዝ ታስተምራት፤ ያላትን ሁሉ ሳትደብቅ ታሳያት። እድሜ ጠግባ፣ ደክማ አልጋ ላይ የዋለች ቀን ደግሞ... ያቺ ልጅ፣ እሷ ለእኔ የሆነችልኝን ሁሉ ትሁንላት። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»