ኩባም ደሴት ናት አሉ

በሙያዬ ጤና ረዳት ነኝ። የባሕር ዳር ሰው ግን «ዶክተር» ይለኛል፤ መጀመሪያ መጀመሪያ «አይደለሁም» እያልሁ አርም ነበር፣ አሁን ታክቶኝ ትቼዋለሁ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጣና ሞልቶ ባለበት ሰሞን፣ ለክብራን ገብርኤል መነኮሳት የዓይን ቅባትና ሳሙና በካርቶን ይዤ ወደ ጀልባ ማረፊያው ወረድሁ። ዓይንን በቆሸሸ ነጠላ መጥረግ እንዴት እንደሚያሳውር ለመነኮሳቱ የማስረዳውን እያሰላሰልሁ ስሄድ፣ ከዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ሲከራከሩ ደረስሁባቸው።

አንደኛዋን አውቃታለሁ። ሰገነት ትባላለች፤ የመምህራን ኮሌጁ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ካለበት ከፔዳ በእግሯ እየመጣች ጤና ጣቢያችንን በነጻ ታገለግላለች፤ እግረ መንገዷንም አብራን ከምትሠራው ኩባዊት ሐኪም ስፓኒሽ ትለምዳለች። አጠገቧ ስንቅ በጨርቅ ቋጥረው የታቀፉት ሴት እናቷ ወይዘሮ እናትዓለም መሆናቸውን ያወቅሁት ልጅቱ ስታስተዋውቀን ነው። መኖሪያቸው ሹም አቦ ነው።

«ጋሼ አዘዘ፣ እንኳን እግዜር አመጣዎ፤ ይፍረዱን» አለች ሰገነት ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ኩባ ሄጄ ስፓኒሽን ዋና ትምህርቴ አድርጌ እንድማር ዕድል ደርሶኛል። ሰኞ አዎን ወይም አይሆንም ብዬ መመለስ አለብኝ። እምዬ ካልመረቀችኝ ግን አልሄድም።»

እናቲቱ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና፣ «ሌላውን እንተወውና አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ዶክተር» አሉኝ። «ኩባ ደሴት ናት አሉ። እውነት ነው?»

ሰገነት ከእናቷ ኋላ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እኔ ግን የተማረ ሰው መሆኔን ለማሳየት ቸኩዬ ነበርና፣ «እንዴታ፣ እናቴ! ዙሪያዋን ባሕር የከበባት ትልቅ ደሴት ናት» አልሁ።

«ሰማሽ?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ለእኔ የደረቅ አገር አስመስላ ነው እኮ የነገረችኝ! አንድ ልጄን ደሴት ወስዶብኛል። የቀረችኝን ለሌላ ደሴት አልሰጥም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰገነት ታላቅ ወንድም በልጅነቱ ለትምህርት ክብራን ገብቶ፣ እዚያው መንኩሶ አባ ወልደ ዮሐንስ ተብሏል። ደሴቱ ሴት አያስገባም። ሴት ጀልባ ማረፊያው ድረስ መጥታ ከዛፉ ጥላ ሥር ትቀመጣለች እንጂ ሽቅብ አንድ እርምጃ አትራመድም። አባም ከመነኮሱ ወዲህ ወደ ማረፊያው ወርደው አያውቁም። ወይዘሮ እናትዓለም ግን አቅማቸው በፈቀደ ቁጥር በጀልባ ይሄዳሉ፤ ስንቁን ለሚወጣ ወንድ ይሰጣሉ፤ ሰውየው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ሲወርድ «ደህና ናቸው» ይላቸዋል። ያቺኑ ቃል ይዘው ይመለሳሉ።

ጀልባዋ መጣችና ሦስታችንም ተሳፈርን። ጀልባ ነጂው ቢያዝን የሰው ጨዋታ ሳይሰማ ሞተር የማይነዳ ሰው ስለሆነ ጆሮውን ወደ እኛ አዘንብሎ ተቀመጠ።

«እንግሊዝኛውን ጀምረሽ የለም ወይ?» አሉ እናቲቱ። «እሱንስ ማን ጠላብሽ? ኩባዎቹ ዛሬ አሉ፣ ነገ አገራቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ ይህን ቋንቋ ለማን ልትነግሪው ነው? ለጣና ዓሣ?»

«የጣና ዓሣ የሚያውቀው ጣልያንኛ ነው» አለ ቢያዝን። እሳቸውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«እምዬ፣ ኩባዎች ቢሄዱ ቋንቋው አብሯቸው አይሄድም» አለች ሰገነት። «በዓለም ላይ ስንት አገር መሰለሽ በዚህ ቋንቋ የሚናገር! ብዙዎቹም እንደኛው ናቸው፤ ገበሬ አገር፣ ወባ ያለበት አገር፣ መሬት በጥቂት ሰው እጅ ተይዞበት የኖረ አገር። ወባውን እንዴት እንደተዋጉት፣ ሽማግሌውን ሁሉ እንዴት ፊደል እንዳስቆጠሩት ጽፈውታል። እኛ ዘንድ ያን የሚያነብ ሰው በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። እኔ ዋናውን ስፓኒሽ፣ ንዑሱን ደግሞ ማስተማር አድርጌ ተምሬ ልመለስ ነው የምልሽ። መጽሐፉን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ቋንቋውንም አስተምራለሁ።»

«መጽሐፉ ይቆይሽ» አሉ እናቲቱ። «የሚሞት ሰው መጽሐፍ አያነብም።»

«እሱንም ልነግርሽ ነው።» ሰገነት ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ፣ ትሕትናዋን ከፍ አደረገች። ይህን ጊዜ ነገር እንደመጣብኝ ገባኝ። «ጋሼ አዘዘ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከዘጌ የመጣችውን ሴት ያስታውሷታል?»

«አስታውሳታለሁ።»

«ብዙ ተናገረች አይደል? እርስዎ ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ምን ብለው ነገሩላት?»

«ሆዷን ያማታል አልሁ።»

«በቃ?»

«ዋናው እሱ ነዋ! ወረፋው እስከ በር ነበር፣ ልጄ። የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ ከነአያቱ እየተረጎምሁ ልውል ነው?»

«አይቆጡኝ፣ ጋሼ። ያቺ ሴት ሕመሙ የጀመራት ከወለደች ወዲህ እንደሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ደም እንደሚፈሳት፣ ለባሏም ለመናገር እንዳፈረች ነበር የተናገረችው። ሐኪሟ እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው። የእርስዎም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥቂት ነው። በሁለቱ ጥቂት መካከል የሴትዮዋ ሕመም ቀረ። እኔ በዚያች በምንተባተባት ስፓኒሽ ብነግራት ነው ሐኪሟ ከደጅ አስጠርታ እንደገና ያየቻት።»

ፊቴ ጋለ። ይህቺን የምታህል ልጅ እናቷ ፊትና ቢያዝን ፊት! ቢያዝን ደግሞ ወሬውን ከምሳ በፊት ለከተማው እንደሚያዳርሰው አውቃለሁ። ወደ ውኃው ዞርሁ።

ወይዘሮ እናትዓለም ግን ገና አልተረቱም ነበር። ስንቃቸውን ጠበቅ አድርገው፣ «ለሰው ቃል ማድረስ ደግ ሥራ ነው፤ አልከራከርሽም» አሉ። «የዘጌዋን ሴት ቃል ታደርሺላታለሽ። የአንቺን ቃል ግን ለእኔ ማን ያደርስልኛል? ወንድምሽ በዓይኔ ከማየው ተራራ ላይ ሆኖ ቃሉ አንሶኛል። አንቺ ዓይኔ ከማይደርስበት ሆነሽ ምንሽ ይደርሰኛል?»

በዚያ ዘመን የሄደ ሁሉ የሚመለስ አልነበረም። የእናት ናፍቆት በክርክር አይረታም፤ ደግሞም መረታት ያለበት አይመስለኝም።

ክብራን ስንደርስ እናትና ልጅ ከማረፊያው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ካርቶኔንና ስንቁን ተሸክሜ ሽቅብ ወጣሁ። መነኮሳቱን ዓይናቸውን እያጠብሁ ቅባት አደረግሁላቸው፣ ስለ ንጽሕናም አስረዳሁ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ከዚያ ከሲታ፣ ቁመተ ረጅም መነኩሴ መጡና ስንቁን ተቀበሉኝ። አባ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ግንብ ተደግፈን ብዙ አወራን። ስጨርስ ወደ ማረፊያው ወረድሁ።

ወይዘሮ እናትዓለም ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ።

«ደህና ናቸው፣ እናቴ» አልሁ። «ሰላም ብለዋል።»

«ተመስገን» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጀልባው መንገድ ጀመሩ።

ሰገነት አልተነሣችም። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ወደ ላይ ሲወጡ ይህ ድንጋይ ጥላ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥቶበታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያሉት ‹ደህና ነኝ› ብቻ ነው?»

ቆምሁ። ጀልባ ላይ የተወቀስሁበትን ነገር ጀልባው ሳይመለስ ደገምሁት! ሐሰት አልተናገርሁም፤ ደህና ናቸው። ግን አባ ያን ሁሉ ቃል የሰጡኝ እንዲህ አሳጥሬ እንዳደርሰው አልነበረም።

«ወይዘሮ እናትዓለም፣ ይቀመጡ» አልሁ። «እንደገና ልንገርዎ። አባ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጉልበትዎ ነው። ‹ስትወርድ ግራ እግሯን ትጎትታለች፤ ምን ሆና ነው? መድኃኒት የለውም?› አሉኝ።»

«ግራዬን መሆኑን ማን ነገረው?»

«ያይዎታል። የጀልባዋ ሞተር ሲሰማ ከገዳሙ ዕቃ ቤት ኋላ ቆሞ ያይዎታል...» ልጅ አድርጌ ስለጠራኋቸው አፍሬ አረምሁት። «ያዩዎታል። ተመልሰው እስኪርቁ ድረስ ከዚያ አይንቀሳቀሱም። ‹አልወርድም፤ ከወረድሁ የምመለስ አይመስለኝም፤ ለእናቴ ልቤ ደካማ ነው› አሉኝ። ‹የነጠላዋ ጥለት ቀይ ነበር፣ አሁን ሰማያዊ ሆኗል፤ ያምርባታል በላት› አሉኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ‹ይህን የመሰለውን ሁልጊዜ ለሚወርደው ሰው እነግራለሁ፤ ይደርሳት ይሆን?› ብለው ጠየቁኝ።»

ወይዘሮ እናትዓለም የነጠላቸውን ጥለት በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱት። «ለፋሲካ ነው የቀየርሁት» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት ልጄ የረሳኝ መስሎኝ ነበር። ዝም ያለኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሰገነት አቀፈቻቸው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ባዶውን ካርቶን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ።

ለቅሶው ሲበርድ እናቲቱ ፊታቸውን ጠርገው ዞሩብኝ። «ይመለሱ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ! ጉልበቴን ብርድ መትቶኝ ነው በሉት፤ እያሸሁት ነው። ቤቱ ክረምቱን አላፈሰሰም። ዕጣኑን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው መስሎት እንዳይሆን። በሕልሜ ሁልጊዜ ልጅ ሆኖ ነው የማየው። ቆሞ ማየቱን እንዳይተው። ደግሞ...» አሉና ሽቅብ ተመለከቱ፤ «ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞሬ ነው የምቀመጠው።»

ሰገነት ቃል በቃል አስደገመችኝ፤ አንድ ስዘል ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። ቢያዝን ከጀልባው ላይ «ነፋስ ሊነሣ ነው፣ ዶክተር!» እያለ ቢጮህም ሽቅብ ወጥቼ ሁሉንም ሳላጓድል ተናገርሁ። አባ ወልደ ዮሐንስ አጎንብሰው ሰሙኝ። መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝና ወደ ዕቃ ቤቱ ኋላ ሄዱ። ይህንንም ወርጄ እንዳለ ነገርሁ።

ስንመለስ ጣና መናወጥ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ እናትዓለም ፊታቸውን ወደ ደሴቱ አድርገው ተቀመጡ። ደሴቱ ሲርቅ ልጃቸውን፣ «የዘጌዋ ሴት እንዴት ሆነች?» ብለው ጠየቁ።

«እየታከመች ነው፣ እምዬ። ባሏም አብሯት መጣ።»

«እኔ ሐኪም ከመጣ ይበቃል ባይ ነበርሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሐኪሙ ቢመጣ ሕመሜን የሚያደርስለት ከሌለ ምን ያደርግልኛል? ልጅ ቢኖረኝ ቃሉን የሚያደርስልኝ ከሌለ እንደሌለ ነው። እኔ ስናፍቅ የኖርሁት ልጄ ሳይናገር ቀርቶ አይደለም፤ መልእክተኛው እየሰነፈ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰውና የእኛ ሰው ሲገናኙማ ምን ያህል ይቀራል! ቋንቋውን ተማሪው። ግማሹን ሳይሆን እስከ ሥሩ ተማሪው። ሰኞ አዎን በያቸው።»

ሰገነት የእናቷን ጉልበት ሳመች። ቢያዝንም ሞተሩን ረስቶ ጀልባዋ ወደ ጎን ሄደች።

ልጆቻችሁ እንግዳ ቋንቋ ልንማር ነው ሲሏችሁ «ምን እንጀራ ያበላችኋል?» ብላችሁ የምትጠይቁ ወላጆች፣ ከእኔ ስሙ። አንድ ቋንቋ ዐዋቂ ሲገኝ በሽተኛው ሕመሙን ሳያጎድል ይነግራል፣ ሐኪሙ ሳይገምት ያክማል፣ ሌላው አገር በብዙ መከራ የተማረውን እኛ በመጽሐፍ እናገኘዋለን፣ መምህሩም አንድ ሆኖ ሄዶ ብዙ ተማሪ ያፈራል። ጥቂት ማወቅ ለሰላምታ ይበቃል፤ የሰው ሕመም ለማድረስ ግን አይበቃም። ለዚህ ነው በኮሌጅ፣ በዓመታት፣ በወጉ መማር የሚያስፈልገው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በሽተኛ ሲናገር አላቋርጥም፤ ወረፋው ይቆጣኛል እንጂ።

ሰገነት የሄደች ዕለት በማለዳ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። ወይዘሮ እናትዓለም ቀድመውኝ ደርሰዋል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። መረቋት፣ ግንባሯን ሳሙ፣ ሻንጣዋ መታሰሩን አዩ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ግን በመስኮቱ እጇን ያዙና አልለቅ አሉ።

«እዚያ ሰዎቹ ‹እናትሽ እንዴት ናት?› ብለው ይጠይቁሽ ይሆናል» አሏት። «‹ደህና ናት› ብለሽ እንዳታሳጥሪኝ። ሁለት ልጅ ወልዳ ለሁለት ደሴት ሰጥታ፣ ውኃ ውኃውን እያየች ትጠብቃለች በያቸው። በቋንቋቸው በደንብ ተምረሽ ንገሪያቸው። አንድም ቃል እንዳትቀንሺ።»