በሁለት ስንጥቅ መሃል

(በስምጥ ሸለቆ፣ በእሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ ባለች ከተማ ዳር፤ የከርሰ ምድር ተመራማሪው ዶክተር ኢዮስያስ በአበልጁ በየሺመቤት ግቢ የተከለውን የመሬት መለኪያ መሣሪያ ሊነቅል መጥቷል፤ እሷ መሣሪያው ፊት ቆማ አላስነካም ብላለች።)

የሺመቤት፦ አትነካውም አልኩህ! መጀመሪያ መልስልኝ።

ኢዮስያስ፦ ኧረ አበልጄ፣ ለጥገና ነው የምወስደው።

የሺመቤት፦ አበልጄ አትበለኝ! የሳሎኔ ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ፣ አንተ የመጣኸው ለብረትህ ነው?

ኢዮስያስ፦ ስንጥቁን እኮ ዛሬ ገና ነው ያየሁት።

የሺመቤት፦ ዛሬ ካየኸው፣ መንቀያና መጫኛ ይዘህ እንዴት መጣህ?

ኢዮስያስ፦ እሱማ...

የሺመቤት፦ ቤቴን የት ልሥራ ብዬ ማንን ነው የጠየቅኩት?

ኢዮስያስ፦ እኔን።

የሺመቤት፦ ምን አልከኝ?

ኢዮስያስ፦ አንዱ የመሬት ስንጥቅ በተራራው በኩል ነው፣ ሌላው በሐይቁ በኩል፤ መሃሉ ላይ ሥሪ አልኩሽ። ያኔ እውነቴን ነበር፤ መሃሉ ጭረት እንኳ አልነበረውም።

የሺመቤት፦ አሁንስ?

ኢዮስያስ፦ ስንጥቅ ባለበት አይቆምም፣ በጫፉ በኩል ያድጋል። ከሥር የቀለጠው ድንጋይ ሲገፋ ሁለቱም እየረዘሙ መጡ። ሲቀራረቡ ደግሞ ጫፋቸው ታጥፎ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለት ቦታ የተቀደደ ጨርቅ ስትወጥሪው...

የሺመቤት፦ መሃሉ ይተረተራል። መሃሉ ላይ ያለነው ደግሞ እኛ ነን። መቼ አወቅክ?

ኢዮስያስ፦ እርግጠኛ እኮ አልነበርኩም።

የሺመቤት፦ መቼ?

ኢዮስያስ፦ ከጥምቀት በፊት።

የሺመቤት፦ ወይ ጉዴ! ለፋሲካ መጥተህ ዶሮዬን በልተሃል እኮ! ልጄን ያፌትን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ «የክርስትና ልጄ» እያልክ ስትስመው ታውቅ ነበር? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!

ኢዮስያስ፦ ብነግርሽ ትወጫለሻ።

የሺመቤት፦ ታዲያስ!

ኢዮስያስ፦ ባዶ ግቢ ውስጥ የተከልናቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ሌባ ነቅሎ ወሰዳቸው። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይጠፋብኝ ነው የምነቅለው። ሁለቱ ስንጥቆች ሲገናኙ የሚመዘግብልኝ እሱ ነበር። አንቺ ካለሽ ማንም አይነካውም ብዬ...

የሺመቤት፦ ዘበኛ አደረግከን? ልጄን የብረት ዘበኛ?

ኢዮስያስ፦ ትንሽ ልጠብቅ፣ ከዚያ እነግራታለሁ እያልኩ ነው ጊዜው የሄደው። ይህን ብናውቅ እኮ ስንት ከተማ ይድናል!

የሺመቤት፦ የእኔ ቤት ከከተማ አይቆጠርም? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ አላምንም ነበር። ባልጠይቅህ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በራሴ ስህተት እሞት ነበር። አንጀቴን ነው የቆረጥከው፣ ኢዮስያስ።

ኢዮስያስ፦ ተቆጪ፣ ይገባሻል። ግን ሰፈሩን አታሸብሪ። ነገ ሊሆን ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል። እስኪጣራ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ።

የሺመቤት፦ ተረጋግተን?

ኢዮስያስ፦ አዎ፣ ሥጋት የለውም።

የሺመቤት፦ ደግ። ደግሞም መሽቶብሃል። ከያፌት ጎን አነጥፍልሃለሁ፤ እደር።

ኢዮስያስ፦ ዛሬ? ዛሬ እንኳ ሥራ አለብኝ።

የሺመቤት፦ በመጣህ ቁጥር አድረህ አይደል የምትሄደው? ምን ተገኘና?

ኢዮስያስ፦ ሌላ ቀን ይሁን።

የሺመቤት፦ ሥጋት የለውም አላልክም?

ኢዮስያስ፦ ተይኝ እንጂ የሺ! እዚህ ቤት ውስጥማ አላድርም!

የሺመቤት፦ ጎረቤቶቼ ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። ጮክ ብለህ ድገመው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።