የሚያስለው ወፍ

(ማለዳ፣ ከፍል ውኃው በላይ ባለው ደን ውስጥ፤ ወፍ አስጎብኚው እንዳሻው የእህቱን ባል ጋሽ ወርዶፋን የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ አግኝቶት ይለማመጠዋል።)

እንዳሻው፦ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሼ! ወፉን አንድ ጊዜ ጥራልኝና ልሂድ።

ወርዶፋ፦ ጉሮሮዬን አሞኛል።

እንዳሻው፦ አሁን ውሻውን ስትቆጣ ከታች ድረስ ሰምቼሃለሁ እኮ።

ወርዶፋ፦ ለውሻ የሚሆን ጉሮሮ አለኝ። ላንተ የሚሆን ነው ያጣሁት።

እንዳሻው፦ እንግዶቹ ሎጁ በር ላይ ቆመዋል። ሆደ ቀይ የሚባለውን ወፍ ለማየት ነው ባሕር አቋርጠው የመጡት።

ወርዶፋ፦ አሳያቸዋ! አስጎብኚው አንተ አይደለህ? ሎጁ በር ላይ የተሰቀለው ፎቶ ያንተ አይደል፣ ጥርስህን ብልጭ አድርገህ? እኔን ከቀበሌ መታወቂያ በቀር ፎቶ ያነሳኝ የለም።

እንዳሻው፦ እሱን እስካሁን አልረሳኸውም?

ወርዶፋ፦ በየት በኩል ልርሳው? ጠዋት ማታ በዚያው በር ነው የማልፈው።

እንዳሻው፦ ጋሼ፣ ወፉ ጠፍቷል። ብፈልግ ብፈልግ የለም። አንተ ከጠራኸው ግን ይመጣል፤ ድምፅህን ያውቃል።

ወርዶፋ፦ ያውቅ ነበር። ለመሆኑ መጀመሪያ ያስተማርኩህን ታስታውሳለህ?

እንዳሻው፦ ርግቧን? እንዴት ይረሳል! በጋውን ሙሉ አንዲት ርግብ ላይ አፍጥጬ እንድቀመጥ አደረግኸኝ። ዓይኔ ወደ ሌላ ወፍ ከሄደ ቁንጥጫ! ሕልሜ ሁሉ ርግብ ብቻ ሆኖ ነበር።

ወርዶፋ፦ ለምን ነበር?

እንዳሻው፦ ወፍ ከመነሳቷ በፊት ገላዋ ይናገራል ብለህ ነዋ። አንገቷን ታሰግጋለች፤ እግሯን ሸብረክ ታደርጋለች፤ ኩሷን ጣል ታደርግና ብድግ።

ወርዶፋ፦ ሆደ ቀይስ?

እንዳሻው፦ እሱማ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ጀርባው አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም። ሆዱን ላላመነው ሰው አያዞርም።

ወርዶፋ፦ ለእኔ ግን ያዞር ነበር። ጢሜ እስኪሸብት ለምኜው። እሑድ ዕለት ወንዙ ማዶ ተቀምጬ ሲጠራ ሰማሁት። ደስ አለኝ። አንዴ ጠራ፣ ደገመ። ከዚያ ምን አደረገ መሰለህ?

እንዳሻው፦ በረረ?

ወርዶፋ፦ አሳለ።

እንዳሻው፦ ወፍ ያስላል እንዴ?

ወርዶፋ፦ ወፍ ሲያስል ሰምተህ አታውቅም? እኔም አልሰማሁም። ሳሉን ግን አወቅሁት፤ የራሴ ነው። በጥምቀት ሰሞን ይዞኝ የከረመው፣ እህትህ ዳማከሴ ስትጨምቅለት የነበረው። እያሳልኩ ወፉን ስጠራ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ስልክህን ስትነካካ «ሰዓት እያየሁ ነው» ያልከኝ ቀን።

እንዳሻው፦ ታመህ ስለነበር እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው!

ወርዶፋ፦ አዘንክልኝ! ድምፄን ቀርጸህ ዛፉ ሥር አስጮህከው። እኔ የጠራሁት መስሎት ወረደ፤ የለሁም። ተመለሰ። ደግሞ አስጮህከው፤ ደግሞ ወረደ፣ እንቁላሉን ጥሎ! የዛፉ ቀዳዳ ውስጥ እጄን ብሰድ እንቁላሎቹ እንደ ጠጠር ቀዝቅዘዋል።

እንዳሻው፦ አላወቅሁም ጋሼ... እንቁላል ላይ መሆኑን አላወቅሁም።

ወርዶፋ፦ ስላላየህ ነዋ። ያ ሁሉ የበጋ ትምህርት ለስልክህ ሆነ። እሱ ደግሞ አንተን አያውቅህም። በእሱ ቤት የከዳሁት እኔ ነኝ።

እንዳሻው፦ አጥፍቻለሁ። እግርህ ላይ ልውደቅ? ከስልኬ ላይ ፍቄዋለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።

ወርዶፋ፦ ማን ይሙት?

እንዳሻው፦ እህቴ ትሙት!

ወርዶፋ፦ እሷን ተዋት። ከእሷ ጋር እቤቴ ስትመጣ የወተት ጥርስህ እንኳ አልረገፈም ነበር። ልታለቅስ ስትል ከንፈርህ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚንቀጠቀጠው።

እንዳሻው፦ ታዲያ ልጅህ አይደለሁ? እንግዶቹ ይቅሩ፤ ገደል ይግቡ። ለእኔ ብቻ ጥራልኝ። በሕይወት መኖሩን ልወቅና ልተኛበት።

ወርዶፋ፦ ላንተ ብቻ?

እንዳሻው፦ ለእኔ ብቻ።

ወርዶፋ፦ እሺ። ዝም በልና ቁም። ለጥሪው መዳፌን ልግጠም።

እንዳሻው፦ ተባረክ ጋሼ! አባቴ እኮ ነህ!

ወርዶፋ፦ እንዳሻው።

እንዳሻው፦ አቤት።

ወርዶፋ፦ አንገትህን አሰገግክ።

እንዳሻው፦ ዛፉን እያየሁ ነው።

ወርዶፋ፦ እግርህንም ሸብረክ አደረግክ። የቀረህ ኩሱ ብቻ ነው።

እንዳሻው፦ ቁጭ ልል ነው እኮ!

ወርዶፋ፦ ቀኝ እጅህ ደግሞ ቀስ ብሎ ስልክህ ያለበት ኪስ ገባ። አታውጣው፣ ተወው። ሳሉም ለቆኛል፤ ጥርት ብሎ ይገባልሃል። ቅረጽ እንግዲህ፦ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ። ለእንግዶችህ ደጋግመህ አሰማቸው።