ሐምበሪቾ ያልወጣው ሸራ ጫማ

የሐምበሪቾን ተራራ ከቤታችን ደጃፍ በየቀኑ ባየውም ወጥቼው አላውቅም ነበር። የወጣት ማኅበራችን ሊወስደን ሲነሳ የወንድሜን ሸራ ጫማ ለምኜ ተዋስኩ። ከተራራው ሥር እትዬ ማርታ ማረፊያ ቤት አደርን። ጠዋት ልንነሳ ስንል ሰብሳቢያችን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሥልጣን እንግዳ አስከትሎ መጣና እግሬን አየ።

"ቁጥርህ ስንት ነው?"

"አርባ፣ ጓድ።"

"ልካቸው ነው! የጓድ እንግዳችን ጫማ የቆዳ ስለሆነ ያንሸራትታቸዋል፤ አውልቅ። አንተ የዚሁ አገር ልጅ ነህ፣ ተራራው የት ይሄድብሃል?"

ፈርቼ አወለቅሁ። በባዶ እግሬ ልከተል ስል "ፎቶ እንነሳለን፣ ታሰድበናለህ" ብሎ መለሰኝ።

"ነገ ደግሞ እግርህን አውሰኝ ይልሃል!" አሉኝ እትዬ ማርታ፣ ሰብሳቢው እየሰማ።

ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ተመለሱ። እንግዳው ጫማዬን አቀበለኝና "አገራችሁ ከላይ ሲታይ እንዴት ያምራል!" አለኝ። ሶሉን ገልብጬ አየሁት። እንኳን ተራራ ሊወጣ፣ ጭቃ የነካው አይመስልም። ንዴቴ ፍርሃቴን አስረሳኝ። ጫማውን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጌ "ጓድ፣ በየት በኩል ነው የወጡት?" አልኩት።