ቀበቶ የሚፈታበት መንገድ

ከዚህ በታች የምጽፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ጀልባዬ፣ በመላው ሂዩማ ደሴት ወደር የሌላት ጀልባዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደቡ ላይ ትስጠምብኝ። እኔ ኡርማስ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ነገ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነሣ ስናገር፣ ነፋሱ እኔን ላለማሳፈር ሲል ከዚያው ይነሣል ይባላል።

የካቲት ነበር። ሞቃት ክረምት እየተከታተለ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው የበረዶ መንገድ ተከፍቶ፣ ሰው ከዋናው ምድር ወደ ደሴታችን በረዶ ሆኖ በጠነከረው ባሕር ላይ ይነዳ ጀመር። መኪናዬን ለአንድ ችግረኛ አውሼ (ልግስናዬ እስከ ዋና ከተማችን እስከ ታሊን የተሰማ ነው) በዋናው ምድር በኩል በመንገዱ አፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ የመንደራችን ሽማግሌ ቪሌም መኪናቸውን አጠገቤ አቆሙ። ከጎናቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሌይዳ ሹራብ ይሠራሉ። ከኋላ የቪሌም የወንድም ልጅ ትሪኑ ተቀምጣለች። ታሊን በኔቶ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሊቅ ናት፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል?

“ግባ አንተ ወሬኛ፣ ምላስህ ሳይቀዘቅዝ!” አሉኝ ቪሌም።

የገባሁት ክርክር መሐል ነበር። ባለፈው ኅዳር አንድ መርከብ መልሕቁን እየጎተተ የባሕር ሥር ገመዳችንን በጥሶት ሄደ። ስልኩ ሁሉ ድዳ ሆነ፤ ሐኪም ለመጥራት ሰው በትራክተር ተላከ። ስለዚህ ኔቶ ባሕሩን የሚያዳምጥ ምሰሶ በቪሌም መሬት ላይ፣ ባሕሩ ውስጥ በገባው የመሬት አፍንጫ ጫፍ ላይ ሊተክል ፈለገ። ቦታውን የመረጠችው ትሪኑ ናት፤ አለቆቿ ፊትም ተሟግታለታለች። የመንደሩ ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ መልስ ይጠብቃል። ቪሌም ዛሬ እምቢ ካሉ ምሰሶው ወደ ሌላ ዳርቻ ይሄዳል፤ የእኛ ገመድ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

“እኔ እኮ ቃል ኪዳኑ ውስጥ የገባን ዕለት ባንዲራው ሲሰቀል ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤” አሉ ቪሌም። “አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሣል ተባልን፤ በቃኝ። ኔቶ ማለት ታንክ ነው፣ መርከብ ነው። አሁን ጆሮ ያለው እንጨት ልትተክሉብኝ? ጠላት ሲመጣ ምን ሊያደርገው ነው፣ ሊሰድበው?”

“አጎቴ፣ ታንኩ ይቅር ያለ የለም፤” አለች ትሪኑ። “የዛሬው ጠላት ግን መልሕቁን ጎትቶ ‘ይቅርታ፣ ተንሸራተተብኝ’ ብሎ ያልፋል። ሠላሳ ሁለት አገር በማን ላይ ይነሣ? መጀመሪያ ማን እንደመታን ማወቅ አለብን።”

“በእኛ ጊዜ ጠላት ፊት ነበረው!”

“አሁን ፊቱን ቤቱ ትቶ ነዋ የሚመጣው።”

በዚህ መሐል መኪናው በረዶው ላይ ወጣ። እኔም ቀና ስል ቪሌም የመኪናውን ቀበቶ እንደታጠቁ ናቸው! ብዙ ክረምት ዋናው ምድር ላይ፣ ልጃቸው ዘንድ ከርመው የደሴቱን ሕግ ረስተዋል።

“ጌታው፣ ቀበቶ ይፍቱ እንጂ!”

“አልፈታም! ዕድሜ ልኬን ታጥቄ ነድቻለሁ። ቀበቶ ሕይወት ያድናል።”

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተናገርሁትን የሰሙ ዓሦች ከበረዶው ሥር ተሰብስበው አፋቸውን ከፍተው ነበር።

“አባባ ቪሌም፣” አልሁ፣ “ቀበቶ በአስፋልት ላይ ያድናል። እዚህ ግን በረዶው ቢከዳን ከመኪናው ጋር አስሮ ያሰጥመናል። የምንፈልገው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ በሕይወት ቤት መግባት። የተለወጠው ከሥራችን ያለው ወለል ነው። ቃል ኪዳኑም እንደዚሁ ነው። አንዱ ለሁሉ መቆሙ አይነካም፤ አቋቋሙ ግን እንደ ወለሉ ይሁን።”

ሽማግሌው ቀበቶአቸውን ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ፣ “እሺ፤ ታዲያ ግማሽ ግማሽ ይሁን። ምሰሶውን ትከሉ፣ ግን ለሁለት በጋ ሳትከፍቱት እንየው፤” አሉ።

“አጎቴ፣” አለች ትሪኑ፣ “በዚህ መንገድ ላይ በስንት ፍጥነት ይነዳል?”

“ወይ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወይ ፈጠን ብሎ። መሐሉ ከበረዶው ሥር ማዕበል እያስነሣ ይሰነጥቀዋል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።”

“ግማሽ ግማሽ ያሉት እኮ እሱ መሐሉ ነው።”

ወዲያው በረዶው ከሥራችን እንደ አሮጌ በር አቃሰተ። ቪሌም ቀስ ብለው ቀበቶአቸውን ፈቱ።

“እናንተ ሰዎች፣” አሉ፣ “ሙሉውን ትከሉት። እንደተከላችሁትም ክፈቱት።”

አዳራሹ ስንደርስ ቪሌም በሰው ሁሉ ፊት “እሺ” አሉ፤ ጭብጨባው ዋናው ምድር ድረስ ተሰማ። እነሆ ዛሬ ምሰሶው ቆሟል። መርከብ መልሕቁን ሲጎትት ገመዱ ሳይበጠስ እንሰማዋለን፤ የማን እንደሆነም በስሙ እንጠራዋለን። ሐኪም በስልክ ይጠራል። የሩቅ አገር ወዳጆቻችን ጉዳት ሊያዩ መምጣታቸው ቀርቶ ጉዳት ሊከለክሉ ይመጣሉ። የባሕሩ ጆሮ ያለው በዚህች በትንሽ ደሴታችን ላይ ነው፤ ደረቴን ነፍቼ የምሄደውም ስለዚህ ነው። ወገኖቼ፣ ወለሉ ሲለወጥ የማይለወጥ ሰው ታጥቆ ይሰጥማል!

ትናንት ማታ ይህንኑ በአዳራሹ ተርኬ፣ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አንሥቶ ሳለ፣ ወይዘሮ ሌይዳ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ በዝግታ ተናገሩ።

“ኡርማስ፣ ቪሌም እኮ መሬት የለውም፤ የኪራይ ቤት ነው ያለነው። መሬቱ የአንተ ነው። ቀበቶዬን አልፈታም ብለህ በሁለት እጅህ የያዝከውም አንተ ነህ። ስለ ወለሉ ሲያስረዳህ የነበረው ደግሞ ቪሌም ነው፣ እየነዳ።”

እሳቸው ክሩን ሳብ አደረጉ።

“በመጨረሻ እሺ ማለትህ ግን እውነት ነው። እሱን አልክድህም።”