የአናጢው የአቶ ሰይፈ ደጅ

ከጅጋ፣ ከማንኩሳና ከቡሬ ዙሪያ የመጣችሁ ወገኖች፣ አስከሬናቸው ከመነሣቱ በፊት የአቶ ሰይፈ አድማሴን ዜና ሕይወት ጥቂት ታግሣችሁ እንድትሰሙልን እንለምናለን።

አቶ ሰይፈ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ባዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ውዳሴ በ1950 ዓ.ም. ማንኩሳ አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ፍኖተ ሰላም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው ቡሬ በመግባት አናጢነት ለመዱ። እጃቸው የተባረከ ነበር፤ ጠባያቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለቁጣ የቸኮለ ነበርና ውኃ ልካቸውን ሳያስፈቅድ ለነካ ሰው ወዮለት።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ወይኒቱ ደጀኔን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ በተመሩት ቦታም ሰፊ ደጅ ያለው ቤት ሠሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዓባይ ማዶ የተፈናቀሉ ወገኖች ቡሬ በደረሱ ጊዜ አቶ ሰይፈ መጠለያ እንዲሠሩላቸው ተጠየቁ። እሳቸውም አርባ ክፍል ያለው ረጅም የቆርቆሮ ቤት፣ ጠባብ በሮቹን ሁሉ ወደ አስፋልቱ አዙረው፣ ቦታ እንዳይባክን በማለት ደጅ የሚባል ሳያስቀሩ በአንድ ወር ሠርተው አስረከቡ፤ ተመሰገኑበትም።

በሦስተኛው ወር ግን ከተጠለሉት አንዷ የሆኑት የወይዘሮ አቻምየለሽ ባለቤት ዐረፉ። ቃሬዛው በበሩ አልገባ ስላለ አስከሬኑ በብርድ ልብስ ተይዞ ወጣ፤ ድንኳን መትከያ በመጥፋቱም ለቀስተኛው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ መኪና በመጣ ቁጥር እየተነሣ አለቀሰ። አቶ ሰይፈ ሊያጽናኑ ሄደው ይህን በዓይናቸው አዩ። ወይዘሮ አቻምየለሽም ቀና ብለው፣ «ጋሼ፣ ቤቱን ሲሠሩ እኛም ሰው እንደሚሞትብን አላሰቡም?» አሏቸው።

አቶ ሰይፈ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ሰነበቱ፤ ከዚያም ሌላ ቦታ እንዲሰጥ ደጋግመው ቢያመለክቱ የሚሰማቸው በማጣታቸው፣ የገዛ ደጃቸውን ለወይዘሮ አቻምየለሽና ከመጠለያው ለወጡ ሌሎች አራት አባወራዎች ሰጥተው፣ በራቸው የሰፋ አምስት ቤቶች ሠርተው፣ በቤቶቹ መካከል ድንኳን የሚይዝ ደጅ አስቀሩላቸው። ከራሳቸው በር ፊት የቀረው ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነበርና፣ ወይዘሮ ወይኒቱ የእኛስ ለቅሶ የት ሊቀመጥ ነው ብለው አምርረው ሲጠይቋቸው፣ እሳቸው ነገሩን በሳቅ አለፉት።

አቶ ሰይፈ በጉበት ሕመም ለስምንት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። መንገድ ዳር ያለው ረጅም ቤት ዛሬም ሠላሳ አምስት ቤተሰብ እንደያዘ እዚያው ነው፤ እስከ መጨረሻው ያንገበገባቸውም ይኸው ነበር።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወይኒቱን፣ ልጆቻቸውን ሠርክአዲስን፣ ደረሰንና ያምሮትን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንም ትተውልን ሄደዋል። ልጆቻቸው ለቅሶውን የት እናስቀምጥ ብለው ሲጨነቁ፣ ደጃቸውን ጠርገው ድንኳኑን ያስተከሉት ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው፤ እናንተም አሁን የተቀመጣችሁት በዚያው ደጅ ነው።

መሐሪው አምላክ የአቶ ሰይፈን ነፍስ ማንም በማይፈናቀልበት ቤት ያሳርፍልን።